የሙዱላዋ ሴትዮ

ሰኞ

የባጃጁ ሹፌር አላወርድም አለኝ። የትምህርት ቤቱን በር አልፎ ትንሽ ወሰደኝና በመስታወቱ እያየኝ «ቲቸር፣ ልጁ ይደውላል አይደል?» አለ። የቱ ልጅ ልለው ስል ገባኝ። ትናንት በሬዲዮ ባነበብኩት ታሪክ ውስጥ ያለው ልጅ። «እሁድ ስማው» አልኩት። «እሰማለሁ፣ ግን እንዳትገድዪብኝ» ብሎ ዞረና በሩ ላይ አወረደኝ።

ቀኑን ሙሉ እግሬ መሬት አልነካም። የሒሳቡ መምህር፣ ልብ ወለድ የሥራ ፈት ሰው ውሸት ነው ባዩ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ አጠገቤ መጥቶ «ያቺ እናት ግን አሳዘነችኝ» አለኝ። እሱ እንኳ! ይቺን ልጻፋት፤ ነገ ሲያናድደኝ አነባታለሁ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሙዱላ ከተማ የምትኖር አንዲት እናት አለች። ልጇ ሳውዝ አፍሪካ ነው። ይደውል ነበር፤ ተወ። የመጀመሪያው ክፍል እናቲቱ ስልኳን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ገበያ መሀል እንደቆመች ያልቃል። ሁለተኛውን ክፍል ጽፌ ጨርሻለሁ፤ የፊታችን እሁድ ከቸርች በኋላ ስቱዲዮ ገብቼ በቀጥታ አነበዋለሁ። ልጁ ሞቷል። ሽማግሌዎች በጠዋት መጥተው ያረዷታል። ስጽፈው አልቅሻለሁ። ጸሐፊ ካለቀሰ ጽሑፉ ጥሩ ነው ማለት ነው፤ ወይም ጸሐፊዋ እንቅልፍ አልጠገበችም።

ለምን እንደጻፍኩትም ልበል። ሆሳዕና ውስጥ ሳውዝ ሰው የሌለው ቤት ለማግኘት ብዙ በር ማንኳኳት ያስፈልጋል። ግን ድምፁ የጠፋ ልጅ ስም ጮክ ተብሎ አይጠራም። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም። እኔ የማምነው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው በራሱ አፍ ማውጣት ያቃተውን ነገር በሌላ ሰው ታሪክ ሲሰማው ትንሽ ይቀለዋል። አባባ ይህን ስነግረው ይስቃል። «ውሸት ጽፈሽ ሰው ልትፈውሺ?» ይለኛል። ይሳቅ። የባጃጁ ሹፌር ሰምቶኛል።

ማክሰኞ

ዝናብ። ፈተና ማረም። «ተምሳሌት ምንድን ነው? ምሳሌ ስጥ» ለሚለው ጥያቄ አንዱ ተማሪ «ጎረቤቴ» ብሎ መልሷል። ግማሽ ማርክ ሰጠሁት፤ ድፍረቱ ደስ ብሎኝ።

ቅቤ አልቆብን ገበያ ሄጄ ነበር። እትዬ ታደለች ቦታዋ ላይ የለችም። ከቤታችን በታች፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ ነው የምትኖረው፤ እኔ ልጅ ሆኜ ጀምሮ ቅቤ የምንገዛው ከእሷ ነው። አጠገቧ የምትሸጠው ሴት «ትናንትም አልመጣችም» አለችኝ። ይባስ ብሎ የዊጆ ተራዋን ለሌላ አሳልፋ ሰጥታለች አለችኝ። ዊጆ የሰፈሩ ሴቶች በየሳምንቱ ቅቤ አዋጥተው ለአንዷ የሚሰጡበት ማኅበር ነው፤ እቁብ ነው፣ በብር ፋንታ በቅቤ። የዚህ ሳምንት ተራ የእትዬ ታደለች ነበር። ተራውን የሚያሳልፍ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ታማ ይሆናል ብዬ ነገ ልጠይቃት አሰብኩ።

ማታ ራት ላይ አባባ «ታደለች ዛሬ መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን አዞረች» አለኝ። ብዙም አልገረመኝም። አባባን አይተው ፊታቸውን የሚያዞሩ ብዙ ናቸው። ደግነቱን ሁሉም ይመሰክራል፣ ግን የሰፈሩ መርዶ ነጋሪ ነው። ወንጌላዊ በነበረበት ጊዜ የጀመረው ሥራ ነው፤ ከአገልግሎት ጡረታ ወጣ እንጂ ከዚህ ጡረታ የለም። ከሳውዝም ይሁን ከዐረብ አገር፣ መጥፎ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነገረው ለእሱ፣ ለጋሽ ኤርጊቾ ነው። ቡናማ ኮቱን ለብሶ በማለዳ ሲወጣ ያዩ ሴቶች ቆመው ስልካቸውን ያወጣሉ፤ ልጆቻቸው ጋ ይደውላሉ። እኔ ራሴ ሕፃን ሆኜ ያን ኮት እፈራው ነበር። አሁንም ማጠብ አልወድም።

ረቡዕ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ምሳ ሰዓት ላይ ምሕረት ትምህርት ቤት መጣች። የእትዬ ታደለች ልጅ ናት፤ አስተምሬያታለሁ። ወንድሟን ተመስገንንም አስተምሬዋለሁ። እሱ ሳውዝ ከሄደ ቆይቷል፤ ሱቅ ውስጥ ይሠራል ሲባል ነበር የሰማሁት። ምሕረት አንድ ዛፍ ሥር ወስዳኝ ዓይን ዓይኔን እያየች «ቲቸር፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔ እችለዋለሁ» አለች።

«የምን እውነት?»

«የተመስገንን።»

ተመስገን ከደወለ ወራት አልፈዋል። ኢሞ ላይም አይታይም። ይሄን አላውቅም ነበር፤ እንዳልኩት፣ ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም። እሁድ እናትና ልጅ ሬዲዮ ከፍተው እኔን እየሰሙ ነበር። እናቷ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር እንደሰማች ተነስታ ሬዲዮውን ዘጋች። ከዚያ ቤቱን ጠረገች። አግዳሚ ወንበሮቹን ከጓዳ አውጥታ በግድግዳው ዙሪያ ደረደረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቅጡ አልበላችም፤ ሽማግሌዎቹን ትጠብቃለች።

«ለምን?» አልኳት። እውነቴን ነው፣ አልገባኝም።

«አንቺ የጋሽ ኤርጊቾ ልጅ ነሻ» አለች።

ክፍሌን ለሌላ መምህር ለምኜ አብሬያት ሄድኩ። እትዬ ታደለች በሩ ትይዩ ተቀምጣለች። ነጭ ነጠላዋን ለብሳለች፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራለች። እኔን ሳይሆን ከኋላዬ እያየች «ብቻሽን መጣሽ?» አለችኝ።

ተንበርክኬ እጇን ያዝኩ። ታሪኩ ፈጠራ ነው፣ ከራሴ ነው ያወጣሁት፣ ስለ ተመስገን ምንም አልሰማሁም፣ ማንም ምንም አልነገረኝም አልኳት። በአማርኛ ተናገርኩ፣ በሀዲይኛ ደገምኩት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን ጉንጬን ዳበሰችኝ።

«አስቴርዬ፣ አትጨነቂ። አባትሽም ለብርሃኔ የልጇን መርዶ ሲነግራት እንዲህ ነው የጀመረው። ለዘሪቱም። ‹በሙዱላ አንዲት እናት ነበረች› ብሎ ነው የሚጀምረው። ሁልጊዜ። ያቺን ሴትዮ ካመጣት በኋላ መልካም ወሬ ተከትሎ አያውቅም።»

የታሪኬ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር እሱ ነው። ቃል በቃል። «በሙዱላ አንዲት እናት ነበረች።» አባባ የሚለው በሀዲይኛ ነው። እኔ በአማርኛ ስጽፈው የራሴ መሰለኝ። እንዲያውም በዐረፍተ ነገሩ ኮርቼ ነበር፣ እንዴት ቀለል ብሎ ይጀምራል ብዬ። ልጅ ሆኜ በር ላይ ቆሜ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲለማመደው የሰማሁት ነገር እጄ ላይ ወጥቷል።

ሬዲዮውን ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ ለብዙው ሰው ተራ ዐረፍተ ነገር ነው። ለእኛ ሰፈር ግን መርዶ ነው።

ሐሙስ

አባባን በጥያቄ ይዤው ዋልኩ ማለት ይቻላል። ጠዋት ለሻይ ስንቀመጥ ነገርኩት። ዳቦውን አስቀመጠ። «የኔን ሴትዮ ወሰድሻት» አለኝ። አልተቆጣም። እንደ ተዘረፈ ሰውም እንደ ተመሰገነ ሰውም ነበር።

ለምን ሁልጊዜ በእሷ እንደሚጀምር ጠየቅኩት። ሰው በር ከፍቶ «ልጅሽ ሞተ» ቢባል ቃሉ ጆሮው ላይ ተሰብሮ ይቀራል፣ አይገባም አለ። መጀመሪያ የሌላ እናት ነገር ይነገራል። ለእሷ ታዝናለች፤ «ወይኔ ምስኪን» ትላለች። እንባዋ ለሌላ ሰው ተብሎ ይጀምራል። ያኔ ነው ወደ ራሷ የሚመጣው። «ብቻዋን እንዳትሆን ነው» አለኝ። «ቀድማት የሄደች አንዲት ሴት ትኑር ብዬ ነው።»

አፌን ከፍቼ ሰማሁት። ዕድሜ ልኬን ስለ ታሪክ ልገልጽለት ስሞክር የኖርኩትን ነገር እኮ ነው የሚነግረኝ።

«ምን ነበር የሆነችው ግን? የሙዱላዋ ሴትዮ?» አልኩት።

ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«እኔ እንጃ» አለ። «ሙዱላ ሄጄ አላውቅም።»

«አባባ!»

«ሩቅ ስለሆነ ነው። እዚህ ማንም እዚያ ዘመድ የለውም ብዬ። ማን ሄዶ ይጠይቃል?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሳቅኩ፣ ሳቅኩ፣ መጨረሻ ላይ አለቀስኩ። ልብ ወለዴን ውሸት እያለ ሲያንጓጥጠኝ የኖረው ሰው፣ የዚህ ከተማ ትልቁ ልብ ወለድ ጸሐፊ እሱ ነው። አንድ ታሪክ ብቻ ነው ያለው፣ ግን እንደ እሱ አድማጭ ያለው ማን አለ? እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሁለታችንም እትዬ ታደለች ትዝ አለችን።

ከሰዓት ስቱዲዮ ደወልኩ። የፕሮግራሙ አዘጋጅ ደስታው ሌላ ነው፤ «ስልክ ተጨናንቋል፣ ሁሉም ልጁ ይደውል እያለ ነው» ይለኛል። ታሪኩ ይቅር ስለው «እንዴት ተደርጎ!» አለ። አልገባውም። እኔም ማስረዳት አልቻልኩም።

አሁን ሳስበው የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ታሪክ ኃይል አለው ብዬ ስናገር ሁልጊዜ ደስ የሚል ኃይል ነበር የማስበው። አንዲትን ሴት ከገበያ አስቀርቶ፣ ምግብ አስትቶ፣ በወንበር ከብቦ የሚያስቀምጥ ኃይል አላሰብኩም።

አርብ

አባባ ራሱ ሄዶ ሊነግራት ወሰነ። «ከአፌ ከሰማች ታምናለች» አለ። ተጨነቅንበት። ጠዋት አይሆንም፤ ከሰዓት ይሁን። ኮቱ አይሆንም፤ የኔን ሰማያዊ ሹራብ አለበስኩት። ከሽማግሌዎቹ ማንም አይከተለው። እጁ ላይ ባዶ የቅቤ ዕቃ ያዘ፣ ቅቤ ሊገዛ የመጣ ሰው እንዲመስል። ሹራቡ እጅጌው አጥሮበት እንደ ተማሪ ሆኖ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ስሸኘው ልቤ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ሠፈር ግን ዓይን አለው። ባሕር ዛፎቹ ጋ ሳይደርስ አንዷ «ጋሽ ኤርጊቾ ወደ ታደለች ቤት እየሄደ ነው!» አለች። በእሷ ብቻ አልቀረም። ሴቶች ነጠላቸውን እየዘቀዘቁ ከየቤቱ ወጡ። እሪታው እኛ ቤት ድረስ ተሰማኝ። እየሮጥኩ ደረስኩ።

ግቢው ሞልቷል። ሁሉም ያለቅሳል፣ እትዬ ታደለች ብቻ አታለቅስም። አባባ መሀል ላይ የቅቤ ዕቃውን ይዞ ቆሟል። «ምንም የሰማሁት የለም! ስለ ልጅሽ አንድም ወሬ አልደረሰኝም!» እያለ ይጮሃል። እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። እሷ ተነስታ ወንበር ሳበችለት።

«ተቀመጥ ጋሼ» አለችው። «ለብርሃኔም በመጀመሪያው ቀን ምንም አልሰማሁም ነው ያልካት። በማግስቱ መጣህ። አንተ ሰው በአንድ ቀን እንዲሰበር አትወድም፤ አውቅሃለሁ። እሁድ ልጅህ ትጨርሰዋለች፣ ሰኞ ትመጣለህ። እጠብቃለሁ።»

አባባ ተቀመጠ። ሌላ ምን ያድርግ? የሚለው ሁሉ ቀድሞ ተብሏል። ሰዎቹን በልመና በተንናቸው። ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዞ ነበር የሚሄደው፤ ወትሮ አይዘኝም።

«እውነት ስነግራት አላመነችኝም» አለ።

በጣም አዘንኩ። ለእሷም፣ ለእሱም። በራሴም ተናደድኩ። ሙዱላ! ሌላ ከተማ ጠፍቶ? ዶዮገና የለም? ሞርሲቶ የለም?

ቅዳሜ

የምጽፈው እዚህ ነው፣ ለማንበብ አይደለም፣ እንዲታየኝ።

ልጁ ቢሞት፤ እትዬ ታደለች እርሟን ታወጣለች። ምናልባት በሕይወት ላለ ልጅ።

ልጁ ቢደውል፤ አድማጩ ይጨፍራል፣ የባጃጁ ሹፌር በነጻ ይወስደኛል። እትዬ ታደለች ደግሞ ተመስገን ደህና ነው ብላ ወንበሮቹን ታስገባለች። እኔ የማላውቀውን ቃል ሰጠኋት ማለት ነው። ነገ ሌላ ነገር ቢሰማስ?

ሳላነብ ብቀር፤ ይሄ ከሁሉም ይከፋል። ዝም ማለት መርዶ ነው የሚሆነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍና ስሰርዝ የዊጆ ሴቶች መጡ። ብርሃኔም ነበረች፤ አባባ የልጇን ሞት ያረዳት፤ የዊጆው ዳኛ እሷ ናት። ታደለች ተራዋን አልቀበልም ብላለች፤ «ለለቅሶ ቤት የዊጆ ቅቤ ምን ያደርጋል?» ብላለች። ቀጣይዋ ደግሞ የሰው ተራ አልበላም ብላለች። ቅቤው በየቤቱ ተቀምጧል። «አንቺ ያመጣሽው ነው፣ አንቺ ፍቺው» አለችኝ ብርሃኔ። ፊት ለፊት ነው የምትናገረው። እውነቷን ነው።

ሲሄዱ አባባ ያለወትሮው ክፍሌ ገብቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የተሰረዙትን ወረቀቶች አየ።

«መርዶ ስነግር ወሬው አጭር ነው» አለኝ። «ሥራው ከዚያ በኋላ ነው። መቀመጥ ነው። አብሬ እቀመጣለሁ። ውሃ አምጡ እላለሁ፣ ከብቱ ታስሯል ወይ እላለሁ። ሰው የማያየው ይሄን ነው።»

«ወሬ ከሌለስ?»

«ያኔማ ማንም አይቀመጥም» አለ። «ወሬ የሌላት እናት ጋ ማን ሄዶ ያውቃል? እኔም ሄጄ አላውቅም።»

ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ነገ ስቱዲዮ አብሬሽ እሄዳለሁ አለ። ሴትዮዋ እንደሌለች እሱ ራሱ ይናገራል። አይሆንም አልኩት። ይሄን ከተናገረ በኋላ ነገ መርዶ ሲመጣ በምን ይጀምራል? እሷን ሲያጣ ባዶ እጁን ነው የሚቀረው። ያረዳቸው ሰዎችስ ምን ይሉታል?

«ኮቴን እጠቢልኝ» አለኝ። «ስቱዲዮ በሹራብ አልሄድም።»

እሁድ

ስቱዲዮው ጠባብ ነው። አባባ ማይኩን እንደ ሰው «ሰላም» አለው። አዘጋጁ ፕሮግራሙ በአማርኛ ነው ሊል ነበር፤ ፊቱን አይቶ ተወው።

በሀዲይኛ ተናገረ። አጭር ነበር። ኤርጊቾ ነኝ አለ፤ ቤታችሁ የመጣሁባችሁ ታውቁኛላችሁ። በሙዱላ አንዲት እናት ነበረች እላችሁ ነበር። ሙዱላ ሄጄ አላውቅም። ሴትዮዋን ከራሴ ነው ያወጣኋት፣ ብቻችሁን እንዳትሆኑ ብዬ። ልጄ ከኔ ሰምታ ወሰደቻት፤ እሷ ስትወስዳት ወሬ አልያዘችም። ስለማንም ልጅ ምንም አልሰማንም። «ከዛሬ ጀምሮ ይቺን ሴትዮ ይዤ ማንም ቤት አልመጣም» አለ። ድምፁ እዚያ ላይ ትንሽ ተሰበረ። ከዚያ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

የተናገረውን በአማርኛ ደገምኩና ማንበብ ጀመርኩ። ጠዋት ነበር የጨረስኩት፤ የመጨረሻው መስመር ቀለም አልደረቀም ነበር ማለት ይቻላል።

በአዲሱ ክፍል ልጁ አይሞትም፣ አይደውልምም። እናቲቱ ሽማግሌ ስትጠብቅ ትውላለች። ይመጣሉ። ግን ወሬ ይዘው አይደለም። «ምንም አልሰማንም፣ እንቀመጥ ብለን ነው» ይሏታል። መጀመሪያ አታምናቸውም። ይቀመጣሉ፤ ውሃ ይጠይቃሉ፤ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ዝም ብሏል፣ ሁሉም እያየው ያወራል። አንዷ የልጁን ስም ጮክ ብላ ትጠራዋለች። ሌላዋ ልጅ ሳለ ያጠፋውን ጥፋት ታነሳለች። እናቲቱ ትስቃለች። የዊጆዋ ቀን ይመጣል፤ ቅቤውን ትቀበላለች። በማግስቱ ገበያ ትወጣለች፣ ስልኳን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ። እዚያው አቆምኩ።

አዘጋጁ ሲወጣ «አላለቀም እኮ» አለኝ። አላለቀም አልኩት።

በአስፋልቱ ስንመለስ የባጃጁ ሹፌር አገኘን። ተናዶብኛል። «አልገደልሽውም፣ አላዳንሽውም፤ እንዲህ ይደረጋል?» አለ። ግን ቤት አደረሰን። አባባ መንገዱን ሁሉ ኮቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ይዞት ነበር።

ወደ እትዬ ታደለች ቤት ለመሄድ አልደፈርንም።

ሰኞ

ከትምህርት ቤት በፊት ብርሃኔ በሩን አንኳኳች። አባባ ሲያያት ተነስቶ ቆመ፤ እንደ ተከሳሽ። እኔም ፈርቼ ነበር።

«ጋሼ» አለችው፣ «ለሙዱላዋ ሴትዮ ስንት ዓመት ጸለይኩላት መሰለህ?»

አባባ «ይቅር በይኝ» አለ።

«ለምን ይቅር እልሃለሁ? ልጄን ያጣሁ ሰሞን ለራሴ መጸለይ አቅቶኝ ለእሷ ነበር የምጸልየው። አሁንም አልተውም፤ ለምጃታለሁ።» ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ ትናንት ከሬዲዮው በኋላ የዊጆ ሴቶች ቅቤያቸውን ይዘው ታደለች ቤት እንደሄዱ ነገረችኝ። ታደለችም እስከ መጨረሻው ሰምታን ነበር። ምን ይዘን መጣን እንበል ተባብለው ነበር። ምንም ሳይሉ ገብተው በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ብርሃኔ «ያ ተመስገን ባሕር ዛፍ ላይ ወጥቶ መውረድ አቅቶት ሰፈሩን ያስጮኸበት ቀን ትዝ ይላችኋል?» አለች። እትዬ ታደለች መጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ አለቀሰች፤ ሬዲዮውን ከዘጋችበት ቀን ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ራበኝ አለች።

አባባ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ። ሻይ ቀዳሁለት። ለመጀመሪያ ጊዜ መልካም ወሬ የመጣው ወደ እሱ ነው፤ እንዴት እንደሚቀበሉት አያውቅም፤ ስኳር ሳይጨምር ጠጣው።

ልወጣ ስል እትዬ ታደለች ራሷ በበራችን አለፈች። ቅቤውን በኮባ ጠቅልላ ጭንቅላቷ ላይ አድርጋለች። ጎድጉደዋል ዓይኖቿ፣ ግን ትሄዳለች። ቆመች። በነጠላዋ ሥር የስልኩ ቅርጽ ይታያል። ተመስገን እንዳልደወለ ገብቶኛል፤ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

«አስቴርዬ» አለችኝ፣ «ያቺ የሌለችው ሴትዮ፣ የሙዱላዋ… ዛሬስ ገበያ ወጣች?»

«ወጣች» አልኳት።

«እንግዲያውስ እኔም ልሂድ» አለችና ቅቤዋን አስተካክላ ወደ ገበያው ወረደች።